የደከመ ዓሣ

«ለመንደራችን ነዋሪዎች በሙሉ። ለመንደራችን ነዋሪዎች በሙሉ። ከዛሬ ማክሰኞ ጀምሮ በገበያችን፣ በእትዬ ፒምፋ መደብ የሚሸጠው ዓሣ በሕይወት ያለ ዓሣ መሆኑን እናስታውቃለን። ዓሣው ሲገዛ በሕይወት ያለ ሲሆን፣ ተገዝቶ ሲወሰድም በሕይወት ያለ ነው። ይህንን ተገንዝባችሁ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ።»

የመንደሩ ሹም አቶ ቡንፔንግ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለሚስታቸው «እንግዲህ ምን ልንበላ ነው?» አሏቸው። ይህንንም በገበያው፣ በገዳሙ በርና በወንዙ ዳር የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች አብረው አስታወቁት። አቶ ቡንፔንግ ማይክሮፎን መክፈት እንጂ መዝጋት አልለመደባቸውም። የወንዙ ዳሩ ማጉያ ደግሞ ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ መንደር የተነገረ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማው። «ምን ልንበላ ነው?» የሚለው ጥያቄም ከሜኮንግ ወንዝ ወደ መንደሩ ተመልሶ መጣ።

ፒምፋ ማስታወቂያውን የሰማችው የገንዳዋን ጠርዝ ስታጥብ ነው። ገንዳው ውስጥ ዐሥራ አራት አምባዛዎች ይርመሰመሳሉ። እነሱ እንኳ ምንም አልመሰላቸውም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ መንደር ዓሣ የሚገድል ሰው አልነበረም። የሚበላ ነበር፤ ሁሉም ይበላል። የሚገድል ግን የለም። አጥማጁን ብትጠይቁት፣ «እኔ ከውሃ ነው ያወጣሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራሱ ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላ ዓሣ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ካወጡት በኋላ ራሱ ይጨርሰዋል። አምባዛ ግን ግትር ነው። ከውሃ ወጥቶ፣ ጭቃ ላይ ተኝቶ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ አየር እየሳበ ያያችኋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሊያግዘው ግድ ነበር፤ ያ ሰው ፒምፋ ነበረች፤ ይህንንም የሚናገር አልነበረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንበኛዋ ትመጣለች፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ትላለች፣ አንዱን በጣቷ ታሳያለች። «ይኼኛው የደከመው ይመስላል» ትላለች። ከዚያ ሰማይ ሰማይ እያየች፣ «እስቲ ጠጅ ሣር ገዝቼ ልምጣ» ብላ ከምሰሶው ጀርባ ወዳለችው ወደ ጠጅ ሣር ሻጯ ወደ ዳላ ትሄዳለች። ስትመለስ ዓሣው ዐርፏል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጠብቃታል። እንዴት እንዳረፈ አትጠይቅም፤ ለቀስተኛ እንኳ እንደዚያ ጨዋ አይሆንም። ዳላ ጠጅ ሣር ሸጣ ቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። የዚያ መንደር ሾርባ ሁሉ ጠጅ ሣር ጠጅ ሣር የሚለው ሰዉ ስለሚወደው አይደለም፤ ዓሣው እስኪያርፍ የሚቆሙበት ስለሌላቸው ነው።

ፒምፋ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ከእሷ በፊት እናቷ ሃምሳ ዓመት ያህል። አጭሯ የጓቫ እንጨት ቆመጥም የእናቷ ናት፤ ጫፏ ለስልሶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሆኗል። የመንደሩ ኩነኔ በሙሉ በሁለት ሴቶች የእጅ አንጓ ላይ ተጠራቅሞ፣ ሌላው ሰው እጁን ታጥቦ ገዳም ይሄድ ነበር።

እናቷ በዚያ ዓመት በጋ ላይ ዐረፈች፤ ይህኛው እውነተኛው ዕረፍት ነው። ክረምቱ ገብቶ መነኮሳቱ ሱባኤ ሊይዙ ሲሉ ፒምፋ አንድ ነገር ተመኘች። ሱባኤው ሲያበቃ በሚውለው የልብስ በዓል፣ ለገዳሙ የሚሰጠውን አዲስ ቢጫ ልብስ አንዲት ሴት በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ከሰልፉ ፊት የገዳሙን አዳራሽ ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ጽድቁን ለፈለገችው ሙት ትሰጣለች። ፒምፋ ለእናቷ ልትሰጥ ፈለገች። እናቷ ያንን ሰልፍ ሃምሳ ጊዜ ያህል አይታዋለች፤ ሁልጊዜም ከኋላ፣ ከውሾቹ ትንሽ ፈንጠር ብላ።

ይህንን የሚወስኑት የገዳሙ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ማኒቫን ናቸው። ወይዘሮ ማኒቫን የዓሣ ደም ካዩ ራሳቸውን እንደሚስቱ መላው መንደር ያውቃል፤ ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት።

«እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም፣ እታለም» አሉ የፒምፋን እጅ እያዩ። «ግን ሥርዓት አለ። ልብሱን የምትሸከም ሴት ሱባኤ ከተያዘ ልብሱ እስኪሰጥ ድረስ አምስቱን የቡድሃ ቃል የጠበቀች መሆን አለባት።»

«አልሰርቅም። አልዋሽም። አልጠጣም። የሰው ባል አልመኝም፤ የዚህን መንደር ባሎች ደግሞ አይተዋቸዋል።»

«አየሽ፣ አራቱን ነው የቆጠርሽልኝ። የመጀመሪያውን ዘለልሽው።»

«የመጀመሪያው ነፍስ አለማጥፋት ነው።»

«እሱ ነው።»

«እትዬ፣ ዓሣውን የሚበሉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ የበላሁት ያረፈውን ነው» አሉ ወይዘሮ ማኒቫን፣ ፊታቸው ላይ አንድ መስመር ሳይነቃነቅ።

ፒምፋ ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች። «ልብሱ እስኪሰጥ ነው ያሉኝ?»

«እስኪሰጥ።»

«እሺ።»

ሱባኤው የተያዘ ዕለት መላው ሰው አምስቱን ቃል ከአበምኔቱ አፍ እየተቀበለ ሲደግም፣ «ነፍስ ከማጥፋት እታቀባለሁ» የሚለው ላይ የፒምፋ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ወጣ። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ አያት። ያንን ቃል ሰዎች በየሳምንቱ ይሉታል፤ ሊያደርገው ያሰበ ሰው ግን አጋጥሟቸው አያውቅም።

በማግስቱ ቆመጧን በጨርቅ ጠቅልላ መደቡ ሥር አስቀመጠቻት። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የአቶ ቡንፔንግ ሚስት ነበሩ።

«ይኼኛው የደከመው ይመስላል።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች ፒምፋ። «ይረፍ።»

ሴትዮዋ ጠጅ ሣራቸውን ገዝተው ተመለሱ። ዓሣው ገንዳውን እየዞረ ነው።

«አላረፈም እንዴ?»

«ተሽሎታል።»

ሴትዮዋ ዓሣውን አዩት፣ ፒምፋን አዩዋት፣ ጠጅ ሣሩን አዩት። «ሌላ ጠጅ ሣር ልግዛ?» አሉ በመጨረሻ።

«ካስፈለገዎት። ለዓሣው ግን ምንም አያደርግለትም።»

ማስታወቂያው የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው። አቶ ቡንፔንግ ያንን አምባዛ በባልዲ ተቀብለው፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙትና በራሱ ጊዜ እንዲያርፍ ብለው ራሳቸው ሄደው ዐረፉ። ሲነቁ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ፍለጋው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀ። በመጨረሻ ከአልጋ ሥር፣ ከሚስታቸው የበዓል ጫማ አጠገብ ተገኘ፤ አየር እየሳበ፣ እንደ ዘመድ እያየ። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ጋን ውስጥ ጨመሩት። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጆቻቸው ስም አወጡለት። ስም የወጣለት ዓሣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ላፕ ለሚባለው ክትፎ አይከተፍም።

እንዲህ እያለ በወሩ ውስጥ የመንደሩ ጋን ሁሉ ነዋሪ አገኘ። ጋን ያልበቃው ሰው በጎሕ ወደ ወንዙ ወርዶ ዓሣውን ይለቀዋል፤ ለጽድቅ ነው ይላል፤ ሰው እንዲያየውም ትንሽ ይቆያል። ወይዘሮ ማኒቫን አንዱን ሲለቁ በስልካቸው አስቀረጹና ውጭ አገር ላሉት ልጆቻቸው ላኩት። የተለቀቀውን አጥማጁ በማግስቱ እዚያው ያገኘዋል፤ ለፒምፋ ያመጣላታል። ጅራቱ የተቦጨቀ አንድ አምባዛ ነበር፤ ፒምፋ ሦስት ጊዜ ሸጠችው። አራተኛ ጊዜ ሲመጣላት ነገሩ ከነከናትና ወደ አበምኔቱ ሄደች።

አበምኔቱ ሰማንያ የተጠጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። መነኩሴ ምግብ አይጠይቅም፤ ጠዋት በሰሃኑ ውስጥ የገባለትን ይበላል። በዚያ ሰሞን የሚገባላቸው እንቁላል ነበር። እንቁላል፣ ቀርከሃ ቡቃያ፣ ደግሞ እንቁላል።

«ወንዙ ደርቋል እንዴ?» አሉ ፒምፋ እንደተቀመጠች።

«ሞልቷል፣ አባታችን።»

«እህ» አሉ።

ፒምፋ ጅራቱ ስለተቦጨቀው ዓሣ ነገረቻቸው። አንድን ዓሣ አራት ጊዜ መሸጥ ስርቆት ይሆን?

«ሲገዙት ያውቁታል?»

«የሚያውቁት ይመስለኛል። አንዷ እንዲያውም ሰላም ብላዋለች።»

«እንግዲያው ስርቆት አይደለም። ሌላ ነገር ነው። ስሙን ግን አላውቀውም።»

«አባታችን፣ ዓሣ መሸጥስ? ለነፍስ አይሆንም ከተባሉት ሥራዎች አንዱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ነው።»

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

አበምኔቱ ባዶውን ሰሃናቸውን አዩት። «በልቼዋለሁ» አሉ። «ምን አፍ ኖሮኝ ልንገርሽ?»

ፒምፋ ከዚያ ቀን ወዲህ እኚህን ሽማግሌ ወደደቻቸው። እዚያ መንደር «በልቼዋለሁ» ሲል የሰማችው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ማኒቫን ግን መላ አላጡም። በወንዙ ድልድይ በኩል ከማዶው አገር የታሸገ ዓሣ ያስመጡ ጀመር።

«እዩት» ይሉ ነበር ገበያ መሐል ከፍ አድርገው፣ በረዶ የያዘውን ፕላስቲክ እያሳዩ። «ይኼን የገደለው ሰው የለም። ፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካው ታዲያ ስንት ቃል ነው የሚጠብቀው?» አለች ዳላ፣ ገበያዋ ከቀዘቀዘ ወዲህ ምላሷ የሰላው ዳላ። «እኔስ ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ። እትዬ ፒምፋ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አንዱን ብቻ፣ ለእኔ ስትይ አይደክመውም?»

«አይደክመውም።»

«ልጆቼ ጠጅ ሣር እየቀቀሉ ሊጠጡልሽ ነው።»

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ሱባኤው ወጣ፤ የልብስ በዓሉ ቀን ተቆረጠ። ከዋናው ከተማ ሁለት አውቶቡስ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ እንግዶቹ የሚመጡት ደግሞ የሜኮንግ አምባዛ ሾርባ አለ ተብለው ነው። ለእንግዳ የታሸገ ማቅረብ ነውር ነው። ወይዘሮ ማኒቫን ሠላሳ አምባዛ አዘዙ። ፒምፋም በበዓሉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ከአዳራሹ ጎን ወዳለው የቆርቆሮ ዳስ ሠላሳውን በሁለት ገንዳ አስመጣች። እንደምትሸጣቸው፤ በሕይወት።

ዐሥራ አንድ ሴቶችና አቶ ቡንፔንግ ገንዳዎቹን ከበቡ። አምባዛዎቹ ውሃውን ይንጡታል።

«የደከማቸው ይመስላል» አለች አንዷ በመጨረሻ።

«በጣም» አለች ሌላዋ።

«እስቲ ጠጅ ሣር ልክተፍ» አለች ሦስተኛዋ። ዳላ ያመጣችው አንድ ጆንያ ጠጅ ሣር ከሩብ ሰዓት በኋላ ተከትፎ አለቀ። አምባዛዎቹ ግን አልደከሙም።

ወይዘሮ ማኒቫን የፒምፋን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ወሰዷት። «እታለም፣ ሱባኤው እኮ ከወጣ ዐሥር ቀኑ።»

«ልብሱ እስኪሰጥ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ። ግን ለገዳሙ ነው። እንግዳ ነው። ለገዳሙ ብለሽ ብትወድቂ እናትሽም ደስ ይላታል። ልብሱንም ቢሆን … የሚመጣው ዓመት እናያለን።»

መደቡ ሥር ያስቀመጠቻት ቆመጥ፣ ማን እንዳመጣት ሳይታወቅ፣ ከነጨርቋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ፒምፋ አየቻት። ሠላሳ ዓሣ ለእሷ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ ነገ ሁለት አውቶቡስ ሰው ጦሙን ቢመለስ ጥፋቱ የማን እንደሚባልም ታውቃለች። ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ከጎኗ ተነሣ። እናቷ ብትሆን ዓሣዎቹን ትመታቸው ነበር። ሰው ሲቸገር አይታ አታልፍም፤ ለዚህም ነው ሃምሳ ዓመት ከኋላ የቆመችው።

ፒምፋ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ያዘችና መልሳ ወደ ጎኗ አወረደችው። «አልችልም፣ እትዬ» አለች።

መላውን ያመጡት አቶ ቡንፔንግ ናቸው። ማይክሮፎናቸውን እንደያዙ ነበር፤ ለነገው ሰልፍ ሲሞክሩት ነው የዋሉት።

«ሕጉ ምን ይላል? መነኩሴ፣ እንስሳው ሲገደል ያላየውን፣ ያልሰማውንና ለእሱ ተብሎ ነው ብሎ ያልጠረጠረውን ይበላል። ለመነኩሴ የተፈቀደ ለእኛ ይከለከላል? እንግዲያው ሁላችንም ጀርባ እንስጥ፤ አላየንም። ጸሎቱን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንበል፤ አልሰማንም። በማይክሮፎን እናድርገው፤ በየቤቱ ያለው ሰውም በረከቱን ያግኝ።»

«አለመጠርጠሩስ?» አለች ዳላ።

«እሱን በየግላችሁ።»

«እና ማነው የሚመታው?»

ወይዘሮ ማኒቫን መጎናጸፊያቸውን አስተካከሉ። «ጀርባ ከሰጠን በኋላ የሚሆነውን እኛ በምን እናውቃለን?» አሉ፤ ርእሰ መምህርት በነበሩበት ድምፅ። ነገሩ ተወሰነ።

ሁሉም ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ዞሩ። ፒምፋም ዞረች። አቶ ቡንፔንግ ማይክሮፎኑን ከፈቱ፤ ወይዘሮ ማኒቫን በቀጭኑ ድምፃቸው ጸሎቱን መሩ፤ ሁሉም ተቀበለ። ጸሎቱ በመንደሩ ላይ ተንጣለለ፤ ከወንዙ ዳርም ትንሽ ዘግይቶ ተመለሰ። የሚያምር ጸሎት ነው፤ ሕይወት ላለው ሁሉ፣ ለታላቁም ለታናሹም፣ ለሚዋኘውም ለሚሳበውም ሰላምን ይመኛል።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ቋ።

ፒምፋ ጆሮዋ ቆመ። አንድ ምት ነው። ሁለተኛ አላስፈለገውም። እንዲህ ያለው ምት ከዓይን ጀርባ፣ ከአናቱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ለመልመድ ዓመታት ይፈልጋል። ቋ። አንጓው ላላ ያለ፣ የሠለጠነ እጅ ነው። ከጸሎቱ ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል። ፒምፋ የዓሣ ደም ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ አንዲት ሴት ትዝ አሏት፤ ግን ሕጉ መጠርጠርን ስለከለከለ ተወችው።

ቋ። ቋ። ከዚያ ከበድ ያለ ምት ተጨመረ፤ የዘነዘና ይመስላል። ወፍራሙ የአቶ ቡንፔንግ ድምፅ ከጸሎቱ ወጣ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ወጣች፤ የጭልፋ ድምፅ ገባ። ጸሎቱ በሳሳ ቁጥር ምቱ እየደለበ ሄደ። አጠገቧ የቆመችው ዳላ ስንኙን መሐሉ ላይ ቆረጠችው።

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ሦስት ወር ሙሉ ዓሣ አምሮኛል።» ሄደች።

ፒምፋ ብቻዋን እየጸለየች መሆኗን ያወቀችው ድምፅዋ ከወንዙ ዳር ሲመለስ ነው። አንድ ድምፅ ነው የተመለሰው፤ የእሷ። በዙሪያው ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ልታቆም አሰበች። ግን እናቷ ይህንን ጸሎት እየወደደችው፣ ከኋላ ስለምትቆም መጨረሻውን በደንብ ሰምታው አታውቅም ነበር። ፒምፋ ቀስ አድርጋ፣ ቃል ሳትዘል፣ እስከ መጨረሻው አለችው። ከዚያ ዞረች።

ሠላሳው አምባዛ ጭንቅላታቸው በአንድ በኩል ሆኖ በረድፍ ተጋድመዋል። ወይዘሮ ማኒቫን ቆመጧን እንደያዙ ናቸው፤ ጉንጫቸው ላይ አንዲት የደም ጠብታ አለች፤ ራሳቸውንም አልሳቱም። አቶ ቡንፔንግ ዘነዘና ይዘዋል። ዳላ ድንጋይ። ሌሎቹ ጭልፋ፣ የጫማ ተረከዝ፣ የሩዝ መውቀጫ። ሁሉም ሁሉንም ያያል። ነገ ልብሱን ማን እንደሚሸከም የጠየቀ የለም።

ማይክሮፎኑ ከዓሣዎቹ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ቀዩ መብራቱ እንደበራ ነው።

አበምኔቱ በትራቸውን ተደግፈው ከማደሪያቸው መጡና ከዳሱ በር ላይ ቆሙ። ዓሣዎቹን አዩ። ዘነዘናውን፣ ጭልፋውን፣ ድንጋዩን አዩ። ባዶ እጇን ወደቆመችው ወደ ፒምፋ ሲደርሱ ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ።

«ሰማሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ለእኛ ነገም እንቁላል ይበቃናል።»

አበምኔቱ ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ቆም አሉ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ በርኅራኄ አዩአቸው።

«የደከማችሁ ትመስላላችሁ» አሉ።

አቶ ቡንፔንግ የማይክሮፎኑን መዝጊያ ሲፈልጉ፣ የወንዙ ዳሩ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ዘግይቶ፣ ለመንደሩ ነዋሪዎች በሙሉ ደገመው።